ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና፦ የጄኒፈር ግሬይ አፍንጫ እንደ ጉዳይ ጥናት

የአየር መንገዱ ሠራተኛ መታወቂያውን ተቀብሎ ስሙን አነበበ፤ ቀና ብሎም የተሳፋሪዋን ፊት አየ። ስሟ ከታዋቂዋ ተዋናይት ስም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ገርሞት ነገሩን አነሣ። ሴትዮዋ «እኔው ነኝ» ብትለውም አልተቀበላትም። ዝነኛ ያደረጋትን «ደርቲ ዳንሲንግ» ፊልም ደርዘን ጊዜ እንዳየው፣ ጄኒፈር ግሬይን በሚገባ እንደሚያውቃት፣ ፊት ለፊቱ የቆመችው ሴት ግን እሷ እንዳልሆነች አስረግጦ ነገራት። መታወቂያው እውነተኛ ነበር፤ ሴትዮዋም ራሷ ጄኒፈር ግሬይ ነበረች።

ይህ ታሪክ በአብዛኛው እንደ ቀልድ ይወራል። በዚህ ጽሑፍ ግን የአንድ ውሳኔ ውጤት ተደርጎ ይታያል። አንድ ጊዜ አፍንጫዋን በቀዶ ሕክምና ያስተካከለች ሴት፣ የመጀመሪያው ሥራ ጥቂት እንከን ትቶባት ሲገኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ መመለስ አለባት ወይስ የለባትም? የግሬይ ጉዳይ ይህን ለመመርመር የሚመች ነው፤ ባለጉዳይዋ ራሷ ለብዙ ዓመታት በአደባባይ የተናገረችበትና እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በሰፊው የተረከችው ነውና። ሌላም ምክንያት አለ። ስለ ከሸፈ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ሲወራ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የተጣመመ፣ መሃሉ የሰመጠ ወይም ቀዳዳው የተኮማተረ አፍንጫ ነው። የእሷ አፍንጫ ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም። እሷን ለማያውቅ ሰው ያማረ አፍንጫ ነበር፤ የጉዳዩ ክብደትም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ጄኒፈር ግሬይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ጆኤል ግሬይ በመድረክም በፊልምም ስሙ የገነነ፣ በ1973 በረዳት ተዋናይነት ኦስካር የተሸለመ ሰው ነው፤ ሲወለድ ግን ስሙ ጆኤል ካትዝ ነበር። የአባቷ አባት ሚኪ ካትዝ በይዲሽ ቀልድና ሙዚቃ የታወቀ አርቲስት ነበር። እናቷ ጆ ዋይልደርም ተዋናይትና ዘፋኝ ነበረች። በዚህ የአይሁድ የኪነ ጥበብ ቤተሰብ ውስጥ ስምን መለወጥና አፍንጫን ማስተካከል የአንድ ዘመን ሁለት መንገዶች ነበሩ። ሁለቱም ወላጆቿ በወጣትነታቸው አፍንጫቸውን አሠርተዋል።

የሕክምናው ታሪክም ከዚሁ ነገር ጋር ከመነሻው የተቆራኘ ነው። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ጆን ኦርላንዶ ሮ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ውጪያዊ ጠባሳ ሳይተው በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ገብቶ ቅርጽ ማስተካከል እንደሚቻል ጽፏል። ከእሱ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ በርሊን ውስጥ ዣክ ጆሴፍ የሚባል ሐኪም ትልቅ አፍንጫን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ የዛሬው የአፍንጫ ማስተካከያ ሕክምናም አባት ተደርጎ የሚቆጠረው እሱ ነው። ጆሴፍ ራሱ አይሁዳዊ ሲሆን የትውልድ ስሙን ያዕቆብን በዣክ የለወጠ ሰው ነበር። ወደ እሱ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ የሚፈልጉት ቁንጅናን ሳይሆን መንገድ ላይ ሲሄዱ ማንነታቸው በአፍንጫቸው አለመታወቁን ነበር።

እኛም ዘንድ ቢሆን አፍንጫ ያለ ፍርድ አይታለፍም። ቆንጆን ስናወድስ «አፍንጫዋ ሰልካካ» እንላለን፤ «ደፍጣጣ» የሚለውንም ቃል ለሙገሳ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ የግሬይ ቤተሰብ ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ፍርዱ የወደቀው በረጅሙና ጎበጥ ባለው አፍንጫ ላይ መሆኑ ነው።

ግሬይ ለረጅም ጊዜ እምቢ ብላ ቆይታለች። እናቷ ግን በልጇ ላይ የምታየው ነገር ነበራት፦ አፍንጫሽን ብታስተካክዪው ለተዋናይ መራጮች ሥራው ይቀልላቸዋል የሚል። ይህ ከእናት አፍ የወጣ ምክር በክፋት የሚተረጎም አይደለም። እናትየው በሙያው ውስጥ የኖረች፣ በሩ ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ የምታውቅ ሴት ነበረች። እዚህ ላይ ግን አንባቢው አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እወዳለሁ፤ ከመነሻው በአፍንጫው በኩል እንዲፈታ የተፈለገው የሥራ ጥያቄ ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1987 «ደርቲ ዳንሲንግ» የተባለው ፊልም ወጣ። በጥቂት ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ይህ ፊልም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ከፓትሪክ ስዌዚ ጋር የተጫወተችው ግሬይም በ27 ዓመቷ በመላው ዓለም የምትታወቅ ፊት ሆነች። ፊልሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ግን በሰሜን አየርላንድ ኤኒስኪለን አቅራቢያ በደረሰ የመኪና ግጭት ውስጥ ነበረች። በሌላኛው መኪና የነበሩ እናትና ልጅ ሞቱ፤ እሷም ከአንገት ጉዳትና ከከባድ ሐዘን ጋር ወደ ዝናዋ ገባች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰው የጠበቀውን ያህል ትልልቅ ሥራ አልሠራችም። ምክንያቱ ምን ያህል ሐዘኑ፣ ምን ያህል ኢንዱስትሪው፣ ምን ያህል አፍንጫው ነበር? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በመስታወት ፊት ቆሞ መመለስ አይቻልም። መስታወት የሚያሳየው አፍንጫን ብቻ ስለሆነ ጥፋተኛውም ሁልጊዜ አፍንጫ ሆኖ ይገኛል።

በ1990ዎቹ መግቢያ ገደማ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አደረገች። ፍላጎቷ ሌላ ሰው መሆን አልነበረም፤ የነበረው ትንሽ እንዲስተካከል ነው። ከዚህ ቀዶ ሕክምና ግን አንድ ጉድለት ተረፈ፤ ሁለተኛው የታቀደውም ያንን ጉድለት ለማረም ነበር።

ጉድለቱ እንዴት እንደሚፈጠር ሳያውቁ የሁለተኛውን ውሳኔ መመዘን አይቻልም። የአፍንጫ የላይኛው ሲሶ አጥንት ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በሙሉ ልም አጥንት፣ ሐኪሞቹ ካርቲሌጅ የሚሉት ነው። መሃሉን ለሁለት ከፍሎ የሚቆመው ግድግዳ፣ ሴፕተም የሚባለው፣ ጣሪያውን እንደ ምሰሶ ይሸከማል። ሐኪሙ ጉብታውን ሲሞርድ ወይም ሲቆርጥ ጣሪያው ይከፈታል፤ ስለዚህ የጎን አጥንቶቹን ሰብሮ ወደ መሃል ማስጠጋት ያስፈልገዋል። ጫፉን ለማሳነስ ደግሞ ሁለቱን የጫፍ ልም አጥንቶች ይቀንሳል ወይም በስፌት ያጠባቸዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆዳው በአዲሱ አጽም ላይ መውረድና መለጠፍ አለበት፤ እንዴት እንደሚለጠፍ የሚወስነው ግን የሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም። ቆዳው ስስ ከሆነ የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ትንሽ ጉጥ ከሥሩ ይታያል፤ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከጫፉ በላይ ጠባሳ ይሞላና ሐኪሞቹ የበቀቀን ምንቃር የሚሉትን ቅርጽ ይሰጣል። የመሃሉ ጣሪያ ድጋፍ ካጣ የአጥንቱ ጫፍ በፊት ለፊት ሲታይ እንደ ተገለበጠ ቪ ፊደል ጥላ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃክ ሺን የተባለው የሎስ አንጀለስ ሐኪም ይህን ችግር ለመከላከል በሴፕተሙ ግራና ቀኝ ቀጫጭን የልም አጥንት ቁራጮች የማስገባትን ዘዴ አስተዋውቋል። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ፣ የተለመደው አሠራር መቁረጥና መቀነስ ነበር። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ የሚከፈቱ ብዙ አፍንጫዎች ችግራቸው የተወሰደባቸው ነገር መብዛቱ ነው።

ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ዳግመኛ እርማት የሚፈልጉ ሰዎች ቁጥር በታተሙ ጥናቶች እንደየቦታው ቢለያይም፣ በተለምዶ የሚጠቀሰው ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 ያሉት ናቸው። ስለዚህ የግሬይ ሁኔታ ብርቅ አይደለም፤ ሐኪሙም ያለ ብልሃት የሠራ መሆኑን ብቻውን አያሳይም።

አሁን ወደ ውሳኔው ሰዓት እንምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ከላይ የተለጠፈው መደገፊያ ሲነሣ የሚታየው አፍንጫ ያበጠ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተነሣ፣ ገና የራሱን ቅርጽ ያላገኘ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው እብጠት ይወርዳል፤ የጫፉ ግን አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። በሦስተኛው ወር ያስጠላ ጉብታ በአሥረኛው ወር ላይኖር ይችላል፤ በሦስተኛው ወር ያልነበረ ጉጥም ቆዳው ሲጠብቅ ብቅ ይላል። ቀዶ ሐኪሞች ከሁለተኛው ሙከራ በፊት ቢያንስ 12 ወር ይጠበቅ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የቀን ቆጠራው ከባድ ነው፤ የጠዋቱ አፍንጫ ከማታው የተለየ እስኪመስል ድረስ በየቀኑ በስልክ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ኢንፌክሽን ወይም አየር የሚዘጋ ጉዳት ከተፈጠረ ግን አስቀድሞ መግባት የግድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው ድጋሚ አይደለም። ሐኪሙ የሚገባበት ቦታ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተለያየ የሚከፈት ነበር፤ አሁን ግን ቆዳው፣ ጠባሳውና ልም አጥንቱ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። የደም ዝውውሩ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ስለዚህ የጫፉ ቆዳ የመጎዳት አደጋ ይጨምራል፤ ለሚያጨስ ሰው ደግሞ ይብሳል። ለመጠገን የሚያስፈልገው ልም አጥንትም ከዚያው ላይገኝ ይችላል። ከሴፕተሙ ለመውሰድ ቢፈለግ፣ ከላይና ከፊት ቢያንስ አንድ አንድ ሴንቲሜትር የሚሆን ድጋፍ መቅረት አለበት፤ አለዚያ አፍንጫው መሃሉ ላይ ይሰምጣል። በመጀመሪያው ጊዜ ተወስዶ ካለቀ ሐኪሙ ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ የጆሮ ልም አጥንት ግን ለስላሳና የተቆለመመ ነው። ጠንካራ ምሰሶ ካስፈለገ ከጎድን ይወሰዳል፤ ይህም ደረት ላይ ሌላ ቁስል፣ ለቀናት የሚዘልቅ የመተንፈስ ሕመም፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ልም አጥንቱ በራሱ ጊዜ መጉበጥን ያመጣል። ትንሽ ጉድጓድ ለመሙላት በመርፌ የሚሰጥ ፊለር ቀላል አማራጭ መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ፊለሩ የደም ሥር ውስጥ ከገባ የቆዳ መሞትን፣ አልፎ አልፎም ዓይነ ስውርነትን ያስከትላል፤ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት አፍንጫ ላይ ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል።

ግሬይ ሁለተኛውን አደረገች። ጉድለቱ ተስተካክሎ ይሆናል፤ ፋሻው ሲፈታ ግን በመስታወቱ ውስጥ የቆመችው ሌላ ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ በሰዎች መካከል በወጣችበት የመጀመሪያ አጋጣሚ፣ በአንድ የፊልም ምረቃ ላይ፣ ቀድሞ የሚያውቃት ተዋናዩ ማይክል ዳግላስ ሳያውቃት አለፈ። የቅርብ ወዳጆቿ ጭምር ማንነቷን መለየት አቃታቸው። ኋላ ስትናገር፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባሁት ዝነኛ ሆኜ ነበር፤ የወጣሁት ግን ማንም የማያውቀኝ ሰው ሆኜ ነው ብላለች።

አፍንጫ የፊት መሃል ነው። ዘንጉ፣ ማለትም ከግንባር ወደ ጫፉ የሚወርደው የአፍንጫ ጀርባ፣ ዝቅ ሲል በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት የሰፋ ይመስላል፤ ጫፉ ሲነሣ የላይኛው ከንፈር ይረዝማል፤ ጎበጥ ያለው መስመር ሲጠፋ ከጎን የሚታየው ፊት በሙሉ ይለወጣል። «አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተባለ ቢሆንም እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ማንም ዓይኗን አልነካም፣ ዓይኗ ግን የበፊቱ ዓይን አልነበረም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የእኔ ፍርድ ከተለመደው ይለያል። በተለምዶ የሚባለው «ባትነካው ኖሮ» ነው፤ ያ ግን ጥናት አይደለም፤ ከሆነ በኋላ የሚወጣ ጥበብ ነው። የተረፈ ጉድለት ያለበት ሰው እርማት መፈለጉ፣ በተለይ ፊቱ በካሜራ ፊት በቅርበት የሚታይ ተዋናይ ከሆነ፣ ምክንያት ያለው ፍላጎት ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው በጥያቄውና በሥራው መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ጥያቄው አንድ የተወሰነ ጉድለት ነበር፤ የተሠራው ሙሉ አፍንጫ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱን ለማረም መከፈት የነበረበት ቦታ አንዴ ከተከፈተ፣ ማደንዘዣው ከተሰጠ፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ደግሞ መናገር ካልቻለ፣ «እዚህም ትንሽ ብናስተካክለው» የሚለውን ሐሳብ የሚያቆመው ነገር ከቀዶ ሕክምናው በፊት በቃልና በወረቀት የተነገረው ወሰን ብቻ ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ውሳኔ ላይ ያለ ሰው ራሱን የሚጠይቀው «ላድርግ ወይስ ልተው» ብሎ ከሆነ ጥያቄው ገና አልደረሰም። ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ጣቱን የሚያሳርፍበት አንድ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ «እዚች ጋ ከቀኝ በኩል ብርሃን ሲያርፍባት የምትታየው ጉጥ» ማለት የሚችል ሰው ቅሬታው ይታወቃል። «ሁሉም ነገር ልክ አይደለም» የሚል ሰው ግን ምን እንደሚቆረጥ ራሱም አያውቅም፤ ሐኪሙም የራሱን የቁንጅና ሐሳብ ይሠራበታል። የዚያኑ ያህል አስፈላጊ የሆነው፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው፣ የማይነካው ነው። የስምምነት ቅጹ የሚሠራውን ይዘረዝራል እንጂ የማይሠራውን አይዘረዝርም። ዘንጉ ቁመቱ አይቀነስም፣ ጫፉ ወደ ላይ አይነሣም፣ ጎበጥ ያለው መስመር ይቀራል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከሰያፍና ከሥር ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር በፋይሉ ውስጥ ቢቀመጥ ዋጋው ትልቅ ነው። ሐኪሙ «ይህን ሳልነካ ያንን ማረም አልችልም» ካለ ደግሞ እሰዬው፤ ታካሚዋ የምትለውጠው አንድ ጉጥ ሳይሆን አንድ ፊት መሆኑን ከመግባቷ በፊት ሰማች ማለት ነው።

በኮምፒውተር የሚሠራ የወደፊት ምስል ለንግግሩ ይጠቅማል፤ ጠባሳን ግን አያውቅም፣ ቃል ኪዳንም አይደለም። ከእሱ የሚበልጠው የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ነው፤ ምን እንደተቆረጠ፣ ከየት እንደተወሰደ፣ ምን እንደገባ የሚገልጸው ወረቀት። ለሕክምና ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ሌላ ከተማ ተጉዞ የተመለሰ ሰው ይህን ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሳይዝ ይመጣል። ሁለተኛው ሐኪም ያን ጊዜ የሚገባው በጨለማ ነው፤ ሴፕተሙ ውስጥ ልም አጥንት መቅረቱን እንኳ በጣትና በመመርመሪያ እየዳሰሰ ነው የሚገምተው።

ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚገባበት ሁኔታ መኖሩን አለመናገር ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ውስጠኛው የአየር መግቢያ በጣም ጠባብ ነው፤ የጎን ልም አጥንቱ ከሴፕተሙ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይህን ካጠበበው ሰውዬው አየር ሲስብ የአፍንጫው ጎን ወደ ውስጥ ይጣበቃል፤ ሌሊት አፉን ከፍቶ ይተኛል፤ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ምርመራ አለ፤ ጉንጭን በጣት ከአፍንጫ አጠገብ ይዞ ወደ ጎን ሳብ ማድረግ ነው። አየሩ ድንገት ከተለቀቀ መግቢያው የመጥበቡ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ምርመራው ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲህ ላለው ሰው ውሳኔው በመስታወት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ በአሜሪካም የጤና መድን ለመልክ የማይከፍለውን ለመተንፈስ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። የግሬይ ጉዳይ ግን በአደባባይ እንደተነገረው የመልክ ጉዳይ ነበር፤ በመልክ ጉዳይ ደግሞ ትንሽ እንከንን ትቶ መኖር ሁልጊዜ ከአማራጮቹ አንዱ ነው። «ምንም አላደርግም» የሚለው አማራጭ በሐኪም ቢሮ ውስጥ ተከራካሪ ጠበቃ ስለሌለው ሰው ራሱ ይዞት መግባት አለበት።

በሌላ በኩል፣ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ የሚመጡ አንዳንድ ሰዎች ችግራቸው አፍንጫቸው ላይ አይደለም። ሌላው ሰው የማያየውን ወይም ከቁጥር የማያስገባውን ጉድለት እያሰቡ በቀን ሰዓታት የሚያጠፉበት፣ ከሰው የሚሸሹበት የአእምሮ ሕመም አለ፤ ከጠቅላላው ሕዝብ 2 በመቶ ገደማ እንደሚያጠቃ ይገመታል፤ በአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ጠያቂዎች መካከል ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። ለእነሱ ቢላዋ መድኃኒት አይሆንም፤ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይተካል። ግሬይ ከእነዚህ ወገን እንደነበረች የሚያሳይ ነገር የለም። እሷ እንዲያውም ለዓመታት አፍንጫዋን ስትከላከል የኖረች ሰው ናት።

ከሁለተኛው በኋላ የሚመጣው ፈተና የሦስተኛው ነው፤ የቀድሞውን አፍንጫ መልሶ ማምጣት። ይህ የሚያጓጓ ሐሳብ ከሕክምናው ተፈጥሮ ጋር ይጋጫል። የተቆረጠው አጥንት የለም፤ ከጎድን ወይም ከጆሮ ተወስዶ የሚገነባው ዘንግ ዘንግ ይሆናል እንጂ የአባትና የአያት አፍንጫ አይሆንም። ቆዳውም በእያንዳንዱ ጊዜ ተጨማሪ ጠባሳ ይቀበላል። ሁለት ጊዜ የተከፈተ አፍንጫ ላይ የሚሠራ ሐኪም ግቡን «መመለስ» ብሎ ከጠራው፣ ታካሚው ምን ማለቱ እንደሆነ ደግሞ ቢጠይቀው ይሻላል።

ግሬይ ሌላ መንገድ አሰበች፤ ፊቱ ካልተመለሰ ስሙ ይለወጥ፣ በአዲስ ስም እንደ አዲስ ተዋናይት ልጀምር አለች። አያቷ ካትዝ የሚባለውን ስም ይዞ ኖረ፣ አባቷ ግሬይ ብሎ ለወጠው፣ እሷ ደግሞ ይህንንም ልትተወው ነበር። ለጥቂት ጊዜ ካወጣችና ካወረደች በኋላ ግን ሐሳቡን ተወችው። በ2022 ከአንድ ጋዜጣ ጋር ባደረገችው ቃለ ምልልስ፣ ከመንግሥቱ የተባረርኩት ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጉልበት አጥፍቻለሁ፤ ያ ግን ውሸት ነው፣ ራሴን ያባረርኩት እኔው ነኝ ብላለች። ይህን አባባል ስለ አፍንጫው ብቻ አድርጌ አልወስደውም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥራ ስለመተው፣ ከሰው ዓይን ስለመራቅም የተናገረችው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኤቢሲ ቴሌቪዥን በተጀመረ አንድ ተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ ተቀጠረች። የተሰጣት ገጸ ባሕርይ አፍንጫዋን በማሠራቷ ማንም የማያውቃት፣ ሥራ ያጣች ተዋናይት ነበረች። የገጸ ባሕርይዋም ስም ጄኒፈር ግሬይ ነበር።